ዘመድ መስታወት

በ2008 ዓ.ም. በልግ፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ዝናቡ ሳይታሰብ ጣለ። የማንያታ ሰፈር መንገድ ጭቃ ሆነ። የናይሮቢ አውቶቡስ ያወረደልን የመስታወት ካርቶን አንድ ጎኑ ርሶ ነበር። የተለጠፈበት ወረቀት ግማሹ ተልጦ፣ በቀረው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይነበባል፦ አንድ ነጥብ ሰባት። ሁለተኛው ቁጥር የነበረበት ቦታ ጭቃ ነው።

በዚያች በጎደለች ቁጥር ምክንያት የሠራሁትን ልጽፍ ነው። ነገር ግን ሥራችንን የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር ከመነሻው እጀምራለሁ።

ዘንድሮ ሥራ አቁሜያለሁ። ዓይኔ ለሰው ዓይን መሥራት አልቻለም። ሥራውም ተለውጧል። አሁን ሌንሱ ሩቅ አገር ተሠርቶና ተወልውሎ ነው የሚመጣው። ለወርክሾፑ የቀረለት ጠርዙን ቆርጦ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአሸዋና በብረት መካከል ቆይቼ ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፤ ልጆቼንም በዚሁ አሳድጌያለሁ። ስለ ደሞዙ አልጽፍም። በቅቶናል።

በስንብቴ ቀን ጡሜ፣ የአሁኗ የወርክሾፑ ኃላፊ፣ "ማማ ቤዛ፣ የምታውቂውን ለአዲሶቹ ጻፊላቸው" አለችኝ። ቤዛ የመጀመሪያ ልጄ ናት። እዚህ ኬንያ ሴት የምትጠራው በልጇ ስም ነው።

"ያንንም ልጻፍ?" አልኳት።

"ያንን አስቀድሚ" አለች።

ሥራ የጀመርኩት ዋልዳ ነው፣ በስደተኞች ካምፑ ዘመን። ከባለቤቴ ጋር ድንበር ተሻግረን ስንገባ ቤዛ ሆዴ ውስጥ ነበረች። የካምፑ ክሊኒክ ከውጭ የተሰበሰበ አሮጌ መነጽር በጆንያ ይመጣለት ነበር። መነጽሩን አጥቦ የሚለይ ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። ሥራው ጥላ ሥር ስለሆነ ነው እንጂ ስለ መነጽር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ጥላው ሥር የሚሠሩት ፉንዲ ዋሪዮ ነበሩ። ፉንዲ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። የሞያሌ ቦረና ናቸው፤ ናይሮቢ አንድ ሕንዳዊ መነጽር ሠሪ ዘንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠርተው የተመለሱ። አማርኛቸው ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይም። እስከ መጨረሻው ቀን "አንተ ማማ ቤዛ" እንዳሉኝ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሌንስ ሰጥተውኝ፣ "ምንድን ነው ይሄ?" አሉኝ።

"መነጽር ነዋ።"

"አላየኸውም። ወደ ክሊኒኩ መስኮት ሂድ።"

ልማዳቸው ይኸው ነበር። ማንኛውም ሌንስ፣ ቁጥሩ በደህና ወረቀት ላይ የተጻፈ ቢሆንም፣ መስኮት ጋ ሳይሄድ ወደ ሥራ አይገባም። ክንዳቸውን ዘርግተው በሌንሱ ውስጥ የመስኮቱን ብረት ያያሉ። ሌንሱን ወደ ጎን ሲያንቀሳቅሱት ብረቱ አብሮ ከሄደ፣ ሩቅ ማየት ለማይችል ሰው የተሠራ ነው። ብረቱ ወደ ተቃራኒው ከሸሸ፣ ቅርብ ማንበብ ላቃተው ነው። ከዚያ ሌንሱን በመዳፋቸው ይመዝኑታል። በመጨረሻም ብረቱን በሌንሱ ዳር፣ በጠርዙ በኩል ያዩታል። መስታወቱ ቀለም የሚበትን ከሆነ ጥቁሩ ብረት በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ጎኑ ሰማያዊ ክር ያወጣል።

ያንን ክር ምን እንደሚሉት በአማርኛ አያውቁም ነበር። ሲፈልጉ ሲፈልጉ የለበስኩትን ነጠላ አዩና ጫፉን ይዘው፣ "ይሄ! ይሄ ስሙ ማነው?" አሉ።

"ጥለት ነው።"

"በቃ። ብረቱ ጥለት ለበሰ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የወርክሾፓችን ቃል ጥለት ሆነ። ሶማሌውም ቡርጂውም "ጥለት አለው፣ ጥለት የለውም" ይላል። ቃሉ ከእኔ ነጠላ መወሰዱን ሁልጊዜ እያስታወስኩ እኮራ ነበር። ይህንንም የምጽፈው ለኩራት አይደለም፤ በኋላ ለሆነው ነገር ስለሚጠቅም ነው።

ካምፑ ሲዘጋ ክሊኒኩ ወደ ሞያሌ፣ ወደ ማንያታ ተዛወረ። ሁለት የቆርቆሮ ክፍል ሰጡን። በአንደኛው ሌንስ እንሞርዳለን፣ በሁለተኛው ፍሬም እንገጥማለን። ሞረዳውን እኔም ተማርኩ። ድቡልቡሉን መስታወት በቀለጠ ሬንጅ ከብረት መያዣ ጋር ታጣብቂያለሽ። በጎባጣ ብረት ላይ አሸዋና ውኃ እያደረግሽ ታሺዋለሽ፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በላመው፣ በመጨረሻ ዱቄት በሚመስለው። ድምፁን መስማት ነው። አሸዋው ሲደክም ድምፁ ይለሰልሳል፤ ያኔ ካልቀየርሽው ብረቱ መስታወቱን ይቧጭረዋል።

ጎባጣዎቹ ብረቶች ላይ ቁጥር ተቀርጿል። እኔ ቁጥሩን አምኜ ለአንድ የሄሉ ሰፈር መምህር ሌንስ ሠራሁ። ሲለካ ሌንሱ ከታዘዘው ደክሞ ተገኘ። ፉንዲ ዋሪዮ አልተቆጡም። "ብረቱ ውሸታም አይደለም" አሉ። "ብረቱ ሲሠራ አንድ መስታወት ያውቅ ነበር። አንተ ሌላ መስታወት ሰጠኸው። ያላወቀውን ከየት ያምጣ?" መስታወቱን አስቀድሜ እንድጠይቅ ያኔ ተማርኩ።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሮቹ ልንገራችሁ። መስታወት ሁሉ ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ ይናገራል። ይህ ትልቅ ሲሆን ሌንሱ ይቀጥናል። ሁለተኛው፣ ብርሃኑ ሲጎብጥ ቀለሙ ምን ያህል ሳይበተን እንደሚቆይ ይናገራል። ይህኛው ሲያንስ ነው የሚከፋው፤ ያነሰበት መስታወት ጥለት ያወጣል። አንደኛው ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት መስታወቶች በሁለተኛው ጨርሶ ላይገናኙ ይችላሉ። አንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች ጠባያቸው አንድ እንደማይሆን ማለት ነው።

ፉንዲ ዋሪዮ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበራቸው። በእጃቸው ካለፈው መስታወት ሁሉ አንዳንድ ስባሪ ያስቀሩ ነበር። እያንዳንዱን ስባሪ በጨርቅ ጠቅልለው ሁለቱን ቁጥሮች ላዩ ላይ ይጽፋሉ። ያልታወቀ መስታወት ሲመጣ ከጣሳው ስባሪዎች ጋር መስኮት ላይ አስተያይተው፣ ጥለቱ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ያያሉ። ቀላል ነገር ነው። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከዚያ ጡሜ መጣች።

ፎርም ፎርን፣ የኬንያን ሁለተኛ ደረጃ፣ የጨረሰች የቦረና ልጅ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል። ክሊኒኩ ኮምፒዩተር ሲያገኝ፣ የሌንስ ማስያ ፕሮግራሙን ለመማር ናይሮቢ የተላከችው እሷ ናት። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሠርቼ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ ሜትሮኗ ጠርተውኝ፣ "ማማ ቤዛ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ አልረዳኝም።

ቅናት እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ከሻካራው አሸዋ አይጀምርም። ከላመው ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ያየሁት ፉንዲ ዋሪዮ ከእሷ ጋር በራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ነው። ከእኔ ጋር ቃል እየለቀሙ፣ እየተደናቀፉ ነበር የሚያወሩት። ከእሷ ጋር እንደ ወንዝ ይፈስሳሉ። ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ስቀው ሲጨርሱ፣ "ምን ብለው ነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"አንቺ ሌንስ ስታሺ ምላስሽን ትነክሺያለሽ አሉ" አለች።

እውነት ነው፣ እነክሳለሁ። ሦስት ቀን አልነከስኩም፤ ሦስት ቀን ሌንሴ ተበላሸ።

ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ሰጧት፤ የኮምፒዩተሩ ገመድ የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነው። ጸሎት ሳደርስ እንኳ ወንበሩ ትዝ ይለኝ ነበር። ለልጆቼ ጤና የምለምንበት ቦታ ላይ ቆሜ ስለ ወንበር አስብ ነበር።

ኮምፒዩተሩ የሚያውቃቸው የመስታወቶች ዝርዝር አለው። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሲመጣ ግን አላውቅም ብሎ አይቆምም። ሁለቱን ቁጥሮች ከሰጠሽው ለእነሱ የሚቀርብ መስታወት ከራሱ ያበጃል፤ አንዱን ብቻ ከሰጠሽው ሌላውን ይገምታል። በዚያ ልክ የሌንሱን ጉብጠት ያሰላል። ጡሜ ይህን ለፉንዲ ዋሪዮ ስታሳያቸው ጎንበስ ብለው አዩ።

"ስለዚህ መስታወቱ ራሱ አይደለም የተናገረው" አሉ፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ።

"የሚመስለው ነው" አለች ጡሜ።

"ዘመዱ ነው። ዘመዱን አትጠይቅ፤ ራሱን ጠይቀው።"

ሁላችንም ሳቅን። ኮምፒዩተሩ የሚያበጀውን መስታወት ከዚያ ወዲያ "ዘመድ" ነው ያልነው። ጡሜ ግን እልኸኛ ናት። ዐሥር ሌንስ በሁለቱም መንገድ ሠርታ አስለካች። በዘጠኙ ልዩነት አልተገኘም። በዐሥረኛውም የተገኘው ለባለቤቱ ዓይን የማይታወቅ ነው። ለደካማ ቁጥር ሌንስ ዘመዱ ይበቃል። ልክ ነበረች። ልክ ባትሆን እወዳት ነበር።

ፉንዲ ዋሪዮ አርጅተው ሥራ ሲተዉ ኮምፒዩተሩና ወንበሩ የጡሜ ሆነው ቀሩ። ለእኔ ጣሳውን ሰጡኝ። "አንተ ማማ ቤዛ፣ ይሄን ያዝ" አሉኝ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። ለእሷ ማሽን፣ ለእኔ ጣሳ ብዬ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ጡሜ ስባሪዎቹን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። አንዴ ጊዜ የለኝም አልኩ። አንዴ ጣሳው ቤት ነው አልኩ። በሦስተኛው ዝም አልኳት። ጣሳው እግሬ ሥር ነበር።

እንግዲህ ወደ ረሰው ካርቶን ልመለስ።

መምሬ ተስፋ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ናቸው፤ የእኔም የንስሐ አባት ነበሩ። ዓይናቸው ከልጅነት ጀምሮ እጅግ የደከመ ነው፤ ያለ መነጽር ሲያነቡ ጢማቸው መጽሐፉን ይነካል። አሮጌው መነጽራቸው እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍራም ሆኖ አፍንጫቸውን አቁስሎት ነበር። ለሰሙነ ሕማማት፣ ንባቡ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሆነ፣ ቀጭን ሌንስ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። አንድ ነጥብ ሰባቱ መስታወት የመጣው ለእሳቸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጡሜ ወረቀቱ ላይ የቀረችውን ቁጥር ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባች። ኮምፒዩተሩ የጎደለውን ሁለተኛ ቁጥር ገምቶ አርባ አንድ አለ። አንድ ነጥብ ሰባት የሆነ የመነጽር መስታወት አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነውና ግምቱ ሞኝነት አልነበረም።

እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እኔ ከካርቶኑ አንዱን መስታወት አነሣሁ። እጄ ልማዱን ነው ያደረገው። ከበደኝ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ብረቱን በዳሩ በኩል አየሁት። ጥለቱ ደማቅ ነበር፣ የበዓል ቀሚስ ጥለት ያህል። ከጣሳው ሁለት ስባሪ አውጥቼ አስተያየሁ። አርባ አንድ ከተጻፈበት ጋር አልገጠመም። ሠላሳ ከተጻፈበት ጋር ገጠመ።

መስታወቱን ቦታው መለስኩት። ስባሪዎቹን ጠቅልዬ ጣሳው ውስጥ ከተትኩ።

ጡሜ ውኃውን ይዛ ገባች። "ምን አለ ማማ ቤዛ?" አለች።

"ምንም" አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ስታሽ ዋለች። እጇ ጥሩ ሆኗል፤ አሸዋው ሲደክም እንደ እኔ ትሰማዋለች። ከሰዓት በኋላ ሻይ አመጣሁላት። ለምን እንዳመጣሁላት ዛሬም አላውቅም። አንዴ ያፍሩባት ብዬ ነው ያሰብኩት፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ሜትሮኗ ፊት። ሌንሱ የመምሬ ተስፋ መሆኑን አልረሳሁም። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው ብዬ ራሴን አባበልኩ።

መለኪያው ላይ ሲቀመጥ ልክ ሆነ። መለኪያው መሀሉን ነው የሚያየው።

የሆሣዕና ዋዜማ መነጽሩን ወሰዱ። ሰኞና ማክሰኞ አነበቡ፤ አልፎ አልፎ ዓይናቸውን ከማሸት በቀር ምንም አላሉም። ረቡዕ ቀትር ላይ እኔም ስግደቱ ላይ ነበርኩ።

በመጽሐፉ የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው። መምሬ ቀዩን ከሩቁ በዓይናቸው ጠርዝ ሲያዩት አንገታቸውን አስቀድመው ይሰብራሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ስሙን ያነባሉ። ሠላሳ ዓመት እንደዚሁ ነው። ያን ቀን አንብበው አንብበው፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ሰበሩ። ቀና አሉ። ያነበቡት ስም ይሁዳ ነበር።

መምሬ መጽሐፉን ትክ ብለው አዩት። ስሙ በጥቁር ነው የተጻፈው፤ ቀይ የሆነባቸው በጠርዙ ነው። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። መነጽሩን አውልቀው ደረታቸው ኪስ ውስጥ አኖሩና፣ ጢማቸውን መጽሐፉ ላይ ጥለው ጎንብሰው ንባቡን ቀጠሉ። እስከ ማታ እንደዚያው ጎንብሰው ነው ያነበቡት።

ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር፣ ሴቶቹ ከበቡኝ።

"ለይሁዳ ሰገዱ እኮ። አላየሽም?"

"መነጽሩ ነው አሉ። ማናት የሠራችው?"

"ያቺ ጡሜ።"

"አሃ። የቄስ መሆኑን ታውቅ ነበራ።"

"ታዲያ? ምን ለማለት ነው?"

"ምንም። እስላም ናት ማለቴ ነው።"

አንዷ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺ እዚያው አይደለሽ? ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ።

ሐሙስ ወሬው ክሊኒኩ ደረሰ። ሜትሮኗ ሁለታችንን ጠሩ። ጡሜ የመለኪያውን ወረቀት ይዛ ገባች። "ሜትሮን፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። እኔ አልገባኝም" አለች። ሜትሮኗ ሰው የሚለውን ሰምተው ፈርተው ነበር። ድንበር ላይ እንዲህ ያለ ወሬ በመነጽር አይቆምም።

"ከቅዳሜ ጀምሮ ጡሜ ፍሬም ትገጥማለች" አሉ። "ነገሩ እስኪበርድ። ማማ ቤዛ፣ ኮምፒዩተሩን አንቺ ትይዣለሽ። እሷ ታሳይሻለች።"

ወንበሩ የእኔ ሆነ። ዓመታት የተመኘሁት በአንድ አፍ መጣ። ጡሜ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። "ፖሌ፣ ማማ ቤዛ፣ በአንቺ ላይ ሥራ ጨመርኩ" አለችኝ። ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። መስቀል አንሳለምም፣ ሰላምታም አንለዋወጥም። ስለዚህ የያዝኩትን ይዤ ሰነበትኩ። ልናገር ብፈልግ እንኳ የሚሰማኝ አባት እስከ ስቅለት ማታ አልነበረም። ሰገድኩ። ጉልበቴ አበጠ። ግንባሬ መሬት ሲነካ የማየው የመስኮቱን ብረት ነው።

ዓርብ ከሠርክ በኋላ ሰዉ በተራ እየቀረበ ኃጢአቱን ይናገራል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርገው ስግደቱን ያዝዙታል። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ መምሬ ተስፋ ቆመው ሊወድቁ ደርሰዋል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። መነጽር አላደረጉም።

"ማን ነሽ?" አሉ ጠጋ ብለው።

"ወለተ ማርያም ነኝ አባቴ።" የክርስትና ስሜ ነው።

"እሺ ልጄ።"

"መነጽሩን የሠራችው ጡሜ ናት። መስታወቱ ደህና አለመሆኑን አስቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም አልኩ።"

"መቼ አየሽ?"

"ሳይሠራ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"እንድታፍር።"

ወይራውን ዝቅ አደረጉት። ከኋላዬ ያለችው ሴት ታስላለች።

"የእኔ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"አንገቱ የእኔ ነው" አሉ። "ያንን እኔ ከአምላኬ ጋር እጨርሳለሁ። የልጅቱ ስም ግን ሜዳ ላይ ወድቋል። ለእኔ መናገርሽ ለእሷ መናገር አይሆንም። ወደ ራሷ ሂጂ።"

"እሺ አባቴ። ስግደቱስ?"

"አርባ አንድ።"

የተለመደ ቁጥር ነው፤ ሰው ሁሉ አርባ አንድ ይታዘዛል። እኔ ግን የኮምፒዩተሩ ግምት ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩ። ወይራው ጀርባዬን ነካኝ። ቅጠሉ እርጥብ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ከመተረኬ በፊት ሁለት ነገር ልናገር። ከበዓሉ በኋላ ለመምሬ ከተራው መስታወት ወፍራሙን ሌንስ ጡሜና እኔ አብረን ሠራን። አፍንጫቸው ላይ ከሥሩ ጥጥ እያደረጉ እስከ ዕረፍታቸው አነበቡበት። ለሴቶቹም በዚያው ግቢ፣ በዚያው ዛፍ ሥር ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በወጉ ሰላም አይሉኝም፤ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ቅናቱ ግን አልሄደም። ጡሜ ኃላፊ ስትሆን ያ የላመ አሸዋ ደረቴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሰምቼዋለሁ። አሁን ድምፁን ስለማውቀው ቶሎ አጥበዋለሁ።

በስቅለት ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካህናቱ ቄጤማ አደሉን። እንደ ልማዱ ግንባሬ ላይ አሰርኩትና ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። ጡሜ ቀድማኝ መጥታ ዕቃዋን ከጠረጴዛው እያነሣች ፌስታል ውስጥ ትከታለች።

"ራስሽ ላይ ያለው ሳር ምንድን ነው?" አለችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

"የምሥራች ማለት ነው።"

"ለማን?"

ጣሳውን አንሥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ካርቶኑ ውስጥ ከቀሩት መስታወቶች አንዱንና ሠላሳ የተጻፈበትን ስባሪ ሰጠኋት። "መስኮት ጋ ሂጂ" አልኩ።

ሄደች። ክንዷን ዘርግታ አየች። ስባሪውንም አየች። ደጋግማ አስተያየች። ዞር ስትል ፊቷ ተለውጧል።

"አንድ ነው" አለች።

"አንድ ነው።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ያን ሐሙስ። ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ።"

"ስመለስ ጠይቄሻለሁ።"

"ጠይቀሽኛል።"

"ሻይ አምጥተሽልኛል።"

"አዎ።"

ፌስታሉን መሬት ላይ ጣለችው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። በቋንቋዋ አንድ ነገር ለራሷ አለች። ትርጉሙን አልጠየቅኳትም።

ሜትሮኗ ሲገቡ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጡሜ ባለችበት። ራሴ ላይ ያለውን ቄጤማ እያዩ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "ጡሜ፣ ወደ ወንበርሽ" አሉ። ከዚያ ወጡ።

ጡሜ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩን ከፈተች። እኔ ፍሬም የምንገጥምበትን በርጩማ ጎትቼ ከአጠገቧ ተቀመጥኩና ጣሳውን ጭኔ ላይ ደፋሁት። ሠላሳ አራት ስባሪ ነበር።

"ሁሉንም ላስገባ?" አለች፣ ሳታየኝ።

"ሁሉንም። ከዚህኛው ጀምሪ።"

ሁለቱን ቁጥሮች ነገርኳት፤ አንድ ነጥብ ሰባት፣ ሠላሳ። ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ።

"ስም ይፈልጋል። ስም ካልሰጠሁት አይመዘግብም።"

"ስሙን አላውቀውም። ወረቀቱ ተልጧል።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች። "ማማ ቤዛ እለዋለሁ። ይከብዳል። መሀሉን ሲለኩት ልክ ነው። ጥለቱ የሚታየው ጠርዙ ላይ ነው።"

አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም።

"ጻፊው" አልኳት።

ጻፈችው። ሁለተኛውን ስባሪ ከጨርቁ ፈታሁና ወደ መስኮቱ ያዝኩት።